ጭድ ለጭቃው ምን ሠራለት?

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ደጋ የቤት ጭቃ ያለ ጭድ አይቦካም። ብዙ ሰው ይህን ከማጣት ጋር ያያይዘዋል፤ ሲሚንቶ መግዣ ያጣ ሰው ጭቃውን ለማበርከት ገለባ ይጨምርበታል ይባላል። ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አፈር ከእግር ሥር በነጻ ይዛቃል፤ ጭድ ግን የከብት ቀለብ ነው፣ በበጋ ደግሞ ይወደዳል። ማንም ገበሬ የበሬውን መኖ ለግድግዳ የሚሰጠው ጭቃውን ለማብዛት ብሎ አይደለም። ሥራውንም ልብ ብሎ ማየት ነው። ማገር ከተመታ በኋላ አፈሩ በውኃ ይርሳል፤ ጭድ እየተነሰነሰበት ይረገጣል፤ ለቀናት ይብላላና እንደገና ይረገጣል። መረገጡ እያንዳንዱ ሰበዝ ዙሪያውን ጭቃ እንዲይዘው ነው። ለመጀመሪያው ምርጊት ረዘም ያለ ጭድ ይገባል፤ ለልስን ግን የደቀቀ ጭድ ከእበት ጋር ይለወሳል። ለማብዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርዝመቱን ማን ይመርጥ ነበር?

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን ግን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን ጨርሶ አይከለክልም፤ ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ ይይዘዋል፣ አንድ ሰፊ ስንጥቅ በሚወጣበት ቦታ ብዙ ቀጫጭኖች ይቀራሉ፣ ምርጊቱም ከማገሩ አይረግፍም። ፋይበር የገባበት ኮንክሪትም ባሕርይው ይኸው ነው። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃቸክ በ1901 (እ.ኤ.አ.) አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር ለሚያዋህድበት ዘዴ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ተመራማሪዎቹ ሮሙአልዲና ባትሰን በ1963 (እ.ኤ.አ.) ኮንክሪት ውስጥ ስለሚገቡ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ጥናት አሳተሙ። ዛሬም መሐንዲሶች ከፋይበር በዋናነት የሚጠብቁት ኮንክሪቱ የበለጠ መጨመቅ እንዲችል ሳይሆን ከተሰነጠቀ በኋላ ድንገት እንዳይፈርስ ነው።

ጭቃና ኮንክሪት አይወዳደሩም የሚል ይኖራል። በጥንካሬ አይወዳደሩም፤ ውኃ ጭቃውን ያቀልጠዋል፣ እርጥበት ጭዱን ያበሰብሰዋል፤ የጣሪያው ክፈፍ ረዘም ብሎ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። የሚመሳሰሉት በአሠራራቸው ነው። እንፍራዝ አጠገብ ያለው፣ አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ግንብ እያለ አገሬው ለምን በኖራ አልገነባም ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነው፤ ኖራ ለማቃጠል ብዙ ማገዶና የንጉሥ ጉልበት ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ደግሞ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ አቃጥለዋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱባት ናት። በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን አፄ ዮሐንስ የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን እንግሊዛዊ ጎርደንን ያነጋገሩት እዚሁ ነው። እንዲህ የምትፈርስና የምትሠራ ከተማ ነዋሪ ቶሎ የሚገኝና ቶሎ የሚጠገን ግድግዳ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የቀረው መለካት ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከደጁ አፈርና ጭድ አለለት፤ የጭዱ መጠንና ርዝመት ስንጥቁን ምን ያህል እንደሚቀንስ ነባር ለሳኞች በሕይወት ሳሉ ከእነሱ ጋር ይፈትሽ።