ከናዳው በኋላ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የዛሬው ወሬ የሩቅ አገር ነውና ጠጋ ጠጋ በሉ። አገሩ ካናዳ፣ ግዛቱ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። ከቫንኩቨር የተነሳ መንገደኛ ባሕሩን በግራ፣ ገደሉን በቀኝ አድርጎ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከዚያም ስኳሚሽ ከተማ ሲደርስ ባሕሩን ይሰናበታል፤ ከዚያም መንገዱ ሽቅብ ይሆናል፣ ጉሙም ይወርዳል፤ በብርድ ወራት ታች ዝናብ የነበረው ላይ በረዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላው ዊስለር ይገባል፤ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ናት።

ታዲያ ከተማዋ ሳትኖር፣ መንገዱም ሳይኖር፣ ዛሬ መንገዱ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ስፖዔዝ የምትባል መንደር ነበረች። የስኳሚሽና የሊልዋት ሕዝቦች፣ አንዱ የባሕር ዳር፣ ሌላው የተራራ ሰው፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ በጉርብትና ይኖሩባት ነበር። ሽማግሌዎቻቸው ሲተርኩ፣ ሁለቱ መጣላት ጀመሩ፤ ከዚያም ነጎድጓድ የሚያወርደው ታላቅ ወፍ ክንፉን አራገበ፤ ከዚያም ተራራው ተናደ፣ መንደሪቱም ተቀበረች፤ የተረፉትም ምድሩን ተካፍለው በሰላም እንዲኖሩ ታዘዙ ይላሉ። ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የናዳው ቋጥኝ ዛሬም በሸለቆው ተከምሮ ይታያል።

ዘመን ሄደ፣ ዘመን መጣ። ሁለቱ ሕዝቦች መሬቱን በውል አሳልፈው አልሰጡም፤ የሊልዋት አለቆችም ከጎረቤት አለቆች ጋር ሆነው በ1911 (ሁሉንም በፈረንጆቹ እቆጥርላችኋለሁ) ምድሩ የእኛ ነው ብለው ፈርመዋል። ቢሆንም የዛፍ መቁረጫው ፈቃድ ከሌላ ቦታ ይወጣ ነበር፤ ግንዱም በፊታቸው እየተጫነ ይሄድ ነበር። በ2001 ሁለቱ ሕዝቦች የአብሮነት ስምምነት ፈረሙ። በ2009 ደግሞ ከዊስለር ከተማ ጋር ሦስት ሆነው 33,000 ሄክታር የሚያህለውን ቼከመስ የሚባለውን የማኅበረሰብ ደን ለ25 ዓመት ከግዛቱ መንግሥት ተረከቡ። ሦስቱም በአንድ ቦርድ፣ በእኩል ድምፅ ይቀመጣሉ።

መቀመጡ ቀላል ነው፤ መስማማቱ ነው ጭንቁ። የከተማው ሰው ካርታውን ይዘረጋል፤ ይህ ያረጀ ደን ነው፣ አይነካ ይላል። ሌላው ደግሞ ሥራ የሚሻ ልጅ አለኝ፣ መንገዱንም የሚያስጠግን ገንዘብ ከየት ይመጣል ይላል። እውነት ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም። እየተነጋገሩ፣ እሳት እንዳይዛመት በየመንገዱ ዳር ያለውን ጥቅጥቅ ደን ማሳሳቱንም ያዙ፤ ከዚያም ሳይቆረጥ የቀረው ዛፍ የያዘው ካርቦን ገዢ እንዳለው አወቁ፤ ቆሞም የሚሸጥ ዛፍ አገኙ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የሁለቱ ሕዝቦች ልጥ አወጣጥ ነው። ሴዳር የሚሉት ዛፍ አላቸው፤ በስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ዝግባ ሲባል የምንሰማውን ይመስላል፣ የቅርብ ዘመዱ ግን አይደለም። በጸደይ፣ ፈሳሹ በግንዱ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ ባለሙያው ደን ይገባል፤ ዛፉን በእጁ ይዳስሳል፤ ያመሰግነዋልም። ከዚያም ከታች በቢላ ይቀደዋል፤ ከዚያም ልጡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያለ ይስባል፤ ልጡም እየቀጠነ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣና ከአናት ይበጠሳል። ቅርጫት፣ ባርኔጣ፣ ገመድ ይሆናል። ከአንድ ዛፍ የሚወሰደው ጥቂት ነው፤ ዛፉ ቁስሉን ይዞ ይኖራል። አያቶች የላጧቸው ዛፎች ጠባሳቸውን ይዘው ዛሬም ቆመዋል።

ሦስቱ ደኑን የተረከቡበት 25 ዓመት በ2034 ይሞላል። ዘንድሮ የተተከለች የሴዳር ችግኝ በዚያ ዓመት ገና ለልጥ አትደርስም።