ከባሕር ማዶ የመጣ ግሥ

የእንግሊዝን ልሳን የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ ከሚያጠናቸው ግሦች አንዱ «ቴክ» ነው። መነሻ ትርጓሜው «ወሰደ» ሲሆን፣ መድኃኒት ለመዋጥ፣ በባቡር ለመሳፈር፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትና ምክር ለመቀበል ሁሉ ስለሚያገለግል ከቋንቋው ጋራ የተወለደ ይመስላል፤ በትውልዱ ግን ባዕድ ነው።

የጥንት እንግሊዞች «ወሰደ» ለማለት «ኒማን» የሚል ግሥ ነበራቸው፤ የሥጋ ዘመዶቻቸው ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ኔመን» ይላሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ793 ከስካንዲናቪያ የተነሡ ባሕረኞች የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘርፈው መነኮሳቱን ከገደሉ፣ በ865ም ታላቅ ሠራዊታቸው የእንግሊዞችን ምድር ከወረረ በኋላ፣ ዴኖች የተባሉት እነዚህ ወራሪዎች በሰሜንና በምሥራቅ መሬት ይዘው፣ ጥምቀትን ተቀብለው፣ ከአገሬው ጋራ ተጋብተውና በአንድ ገበያ እየተገበያዩ ሲኖሩ፣ «ታካ» የሚለው ግሣቸው በጎረቤቶቻቸው አንደበት ገባ። እኔ እንደማምነው ግሡን ያስፋፋው ሰይፉ ሳይሆን ጉርብትናው ነው፤ የዴኖች መንግሥት በ1042 ሲያከትም ግሡ ወደ ደቡብ ገና መዝለቅ መጀመሩ ነበርና። በ12ኛው መቶ ዓመት የወንጌልን ምንባባት በግጥም የተረጐመው ኦርም የተባለ ካህን፣ ስሙም ራሱ በዴኖች ልሳን እባብ ማለት የሆነ፣ ግሡን እንደ አገር ቃል አድርጎ ጽፎታል።

ወደ ጥንተ ምሥጢሩ ብንወጣ ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ኡልፊላስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ጎቶች ልሳን ሲመልስ፣ ደም ይፈስሳት ስለ ነበረችው ሴት በሚናገረው በማርቆስ ወንጌል፣ ጌታ ልብሱን የነካው ማን እንደ ሆነ በጠየቀበት ስፍራ የተጠቀመበት ግሥ «ቴካን» ነው፤ ይህም የ«ታካ» የቅርብ ዘመድ ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው፣ የግሡ የመጀመሪያ ፍች መንካት፣ ቀጥሎ በእጅ መያዝ፣ በመጨረሻም መውሰድ እንደ ሆነ ያስረዳሉ።

ባለ አገሩ «ኒማን» ግን ከመኳንንትና ከካህናት አፍ ወጥቶ፣ በኋለኛው ዘመን «ኒም» ተብሎ መስረቅ ማለት ሆነ፤ ሼክስፒርም በ«ሄንሪ 5ኛ» ተውኔቱ በስርቆት ተሰቅሎ ለሚሞት አንድ አስር አለቃ ይህንኑ ስም ሰጠው። ዛሬ በእንግሊዞች ንግግር ከዚያ ግሥ ዘር የሚሰሙት «ነም» እና «ኒምብል» ናቸው፤ ፊተኛው በብርድ የተያዘና የደነዘዘ፣ ኋለኛው ፈጣንና ቀልጣፋ ማለት ነው።