ከኪራይ የጭነት መኪና ጣሪያ የተገፈፈ ቆርቆሮ
ደርሃም ከተማ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሜሪካ

ቆርቆሮውን እንደ ሙዝ ልጣጭ የገፈፈው በግሬግሰን ጎዳና ካለው የባቡር ድልድይ ፊት የተጋደመ ወፍራም ብረት ነው። ብረቱ የሚጠብቀው ድልድዩን ነው፤ ለመኪናው ማንም አላሰበም።

እ.ኤ.አ. በ1940 የተሠራው ድልድይ ከአስፋልቱ በላይ 3.56 ሜትር ብቻ ክፍተት ነበረው። መንገዱን ቆፍረው ዝቅ እንዳያደርጉት ከሥሩ የፍሳሽ መስመር ያልፋል። በ2016 ቁመት የሚለይ መሣሪያ ተተከለ፤ ረጅም መኪና ሲመጣ የትራፊክ መብራቱ ይቀላል፣ «ከልክ በላይ ረጅም፤ ታጠፍ» የሚል ጽሑፍም ይበራል። ግን የቤት ዕቃ ለማጓጓዝ ለአንድ ቀን መኪና የተከራየ ሰው፣ ከራሱ በላይ ስንት ሜትር ጣሪያ እንደተሸከመ መች ትዝ ይለዋል?

በ2019 ድልድዩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደረገ። ከዚያም በኋላ የሚላተም አልጠፋም።