የዎልቨርሃምፕተኑ ሐኪምና አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት

በዚህ መጽሔት ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ሕንፃ መሠረት ማንበብ እንጂ የሐኪም ታሪክ ማንበብ ለማኅበራችን አባላት የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች ታሪካቸው የሚወሳው እንግሊዛዊ ሐኪም በሥራ ዘመናቸው ማምሻ የደከሙበት ጉዳይ ከሐኪሞች ይልቅ በእኛ እጅ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም ሰው የሚያረጅበት ቤት ነው። ዘመኖቹ የተጠቀሱት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ጆሴፍ ሃሮልድ ሼልደን በ1893 ተወልደው በ1972 ያረፉ ሐኪም ናቸው። አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኘው፣ ቁልፍና ብረታ ብረት በመሥራት በታወቀችው በዎልቨርሃምፕተን ከተማ፣ በሮያል ሆስፒታል ነበር። ከተማዪቱ በዚያን ዘመን ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ስማቸው በመጀመሪያ የተጠራው ስለ እርጅና ባደረጉት ጥናት ሳይሆን፣ ሄሞክሮማቶሲስ ስለሚባለው፣ ብረት በጉበትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች እየተከማቸ ስለሚጎዳው በሽታ በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። በልዩ ልዩ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተበታትኖ የነበረውን የ311 ሕሙማን ታሪክ ሰብስበው ከመረመሩ በኋላ፣ በሽታው ከትውልድ የሚመጣ የሰውነት አሠራር ጉድለት ነው ሲሉ ደመደሙ። ብዙዎች ይህን ሳይቀበሉ ቆይተዋል፤ በ1996 ለበሽታው ምክንያት የሆነው ጂን ሲገኝ ግን የሼልደን አስተያየት ትክክል እንደነበረ ታወቀ።

ይህን ያነሣሁት ስለ በሽታው ለመተረክ አይደለም። በኋላ ለሠሩት ሥራ ቁልፉ አሠራራቸው ስለሆነ ነው። ሼልደን ሁለት ሦስት ምሳሌ አይተው የሚፈርዱ ሰው አልነበሩም፤ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ ሳይቆጥሩ አፋቸውን አይከፍቱም።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ ድኻ የሆነና የታመመ አረጋዊ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው የድኾች መጠለያ የሕሙማን ክፍል ነበር። በ1935 ዶክተር ማርጆሪ ዋረን በለንደን ምዕራብ ከዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ጋር የተያያዘውን እንዲህ ያለ መጠለያ ሲረከቡ 714 አልጋ ጠበቃቸው። በአልጋዎቹ ላይ ዓመታት ያስቆጠሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ያልተነሡት መነሣት ስላልቻሉ ሳይሆን የሚያስነሣቸው ስላጡ መሆኑን ተረዱ። ዶክተር ዋረን በ1943 ባወጡት ጽሑፍ የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ እንዲሆንና የሕክምና ተማሪዎችም እንዲማሩት አሳሰቡ። የጊዜው ተማሪ በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚያየው በድንገት የታመመውንና ቶሎ የሚድነውን ነበርና፣ ስለ እርጅና ምንም ሳያውቅ ይመረቅ ነበር።

ዶክተር ዋረን በሆስፒታል የጀመሩትን ሼልደን በየቤቱ አደረጉት። በአውቶሞቢል ሠሪው ባለጸጋ በሎርድ ናፊልድ ገንዘብ በ1943 የተቋቋመው የናፊልድ ድርጅት፣ የአረጋውያንን ኑሮ የሚያጠና ኮሚቴ አቁሞ ነበር። የሼልደንም ጥናት የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ወደ ሆስፒታል ያልመጡት አረጋውያን እንዴት ይኖራሉ? መልሱን ከሆስፒታል መዝገብ ማግኘት እንደማይቻል ግልጽ ነው። ጦርነቱ ግን አንድ መልካም መሣሪያ ትቶ ነበር። ምግብ በራሽን ይታደል ስለነበረ፣ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ስሙ በራሽን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የቀበሌ ራሽን ካርድ የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን የዚህን መዝገብ ጥራት አይጠራጠሩም፤ ስኳርና ዳቦ በሚታደልበት መዝገብ ስሙን ሳያስገባ የሚቀር ሰው የለምና። ከዚሁ መዝገብ ያለ አድልዎ ተመርጠው የተጠኑት 477 ሰዎች ሲሆኑ፣ በየቤታቸው ተጎበኙ። ውጤቱ በ1948፣ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ከመጽሐፉ ለእኔ እጅግ የሚደነቀው አንድ መለኪያ ነው። ሼልደን አረጋውያኑ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ ወይስ ብቻቸውን ናቸው ብለው ሲጠይቁ፣ በአንድ ጣራ ሥር መኖር ብቻ መልስ እንደማይሆን አስተዋሉ። ብቻዋን ትኖራለች ተብላ የተመዘገበች ባልቴት ልጅዋ በሚቀጥለው መንገድ ላይ ልትኖር ትችላለች። ታዲያ ቅርብ የሚባለው ምን ያህል ነው? ሼልደን በያርድ ወይም በማይል አልለኩትም። ቅርብ ማለት፣ ትኩስ ምግብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንደገና መሞቅ ሳያስፈልገው የሚደርስበት ርቀት ነው አሉ፤ በእግር 5 ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። እኛ መንገድና መንደር ስንነድፍ ብዙ መለኪያዎች እንጠቀማለን። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እናትና ልጅን በአንድነት የያዘ መለኪያ እኔ ሌላ አላውቅም። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከመንግሥትም ሆነ ከበጎ አድራጊ ይልቅ አረጋውያኑን የሚጦረው ዘመድ መሆኑ ተገለጠ። ከዘመድም ሸክሙ የወደቀው በሚስትና በሴት ልጅ ላይ ነው። የሴት ልጆቹን ድካም ሼልደን በግልጽ ጽፈውታል። ደግሞም አሮጊቶቹ ራሳቸው የሚያበስሉ፣ የሚያጥቡ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እንጂ የሚጦሩ ብቻ አለመሆናቸውን አሳይተዋል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት የኮንዶሚኒየም ቤቶች ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ሆኗል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ከመሐል ከተማ የተነሣው ቤተ ሰብ በየአቅጣጫው ወደ ዳር ሲበተን፣ ወጥ ሳይቀዘቅዝ የሚደርስበት ርቀት በሁለት ታክሲ የሚኬድ ርቀት ሆነ። አባቶችንና እናቶችን በቤት መጦር ባህላችን ነው ብለን ስንናገር፣ ባህሉ የቆመበትን ርቀት ማንም እንዳልለካው መዘንጋት አይገባም።

ወደ ሼልደን እንመለስ። በየቤቱ ሲዘዋወሩ ደጋግመው የሰሙት ነገር መውደቅ ነበር። በ1948ቱ መጽሐፍ የጀመሩትን ይህን ጉዳይ ሳይለቁ ቆይተው፣ በ1960 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ በ202 ሰዎች ላይ የደረሱ 500 ውድቀቶችን በየምክንያታቸው ለይተው አወጡ። እንደ ድሮው ሁሉ ቆጠራ ነው። ከ500ው 125ቱ፣ ማለትም ሩቡ፣ ሰውዬው ራሱን ሳይስት ጉልበቱ በድንገት ከድቶት የወደቀባቸው ናቸው። እንዲህ የወደቀ ሰው ጤነኛ መስሎ ሳለ መነሣት ያቅተዋል፤ የእግሩ መዳፍ ጠንካራ ነገር ሲደገፍ ግን ኃይሉ እንደሚመለስ ሼልደን ጽፈዋል። ሌሎቹ በራስ ማዞር፣ በእግር መሰናከልና በመሳሰለው የመጡ ናቸው።

ለእኛ የሚበልጠው የቀረው ክፍል ነው። 171ዱ ውድቀቶች በአደጋ የደረሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ከሲሶ የሚበልጡት በቤት ውስጥ ደረጃ ላይ የሆኑ ናቸው። ሰዎቹ ከደረጃ የሚወድቁት ከላይ ወይም ከመካከል ነው ብሎ የሚገምት ይኖራል። ሼልደን ያገኙት ሌላ ነው። ብዙዎቹ የወደቁት ደረጃውን የጨረሱ መስሏቸው የመጨረሻውን እርከን ሲስቱ ነው። የዓይን መድከም አለ፤ የመብራት ማነስ አለ፤ እጅን ይዞ እስከ ታች የሚያደርስ መደገፊያም አይገኝም።

በትምህርት ቤት ደረጃ መንደፍ ስንማር የምንይዘው ቀመር ፈረንሳዊው ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው መቶ ዓመት ያወጣው ነው፤ የእርከኑ ከፍታ ሁለት እጥፍ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከአንድ ሰው እርምጃ ጋር መተካከል አለበት ይላል። መልካም ቀመር ነው፤ እስካሁንም እንሠራበታለን። ነገር ግን የተወሰደው ጤነኛ ሆኖ ከሚራመድ ጎልማሳ ነው። የሼልደን ቆጠራ የተወሰደው ከወደቁት ነው። ቀመሩ ስለ እርከኑ ልክ ይናገራል እንጂ ደረጃው የት እንዳለቀ ለእግር የሚነግረው ምን እንደሆነ አይናገርም። መደገፊያው ከመጨረሻው እርከን አልፎ ጥቂት ቢሄድ፣ የመጨረሻው እርከን ጠርዝ በቀለም ቢለይ፣ የመብራት ማብሪያው ከላይም ከታችም ቢደረግ የሚጨምረው ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አሳንሰር በሌላቸው ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃዎቻችን ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ በዕጣ የደረሳቸው እናት በቀን ስንት ጊዜ ያን የመጨረሻ እርከን እንደሚረግጡ ማስላት ለመሐንዲስ አያስቸግርም። ይልቁንም ብዙዎቹ መውረዱን ፈርተው ከቤት መውጣት ይተዋሉ፤ ይህም ፍርሃት አሳሳቢ ነው።

በ1963 ደግሞ ሰው ቆሞ ሳለ ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በወረቀት ላይ እየቀረጹ ለኩ። ሕፃናት ይወዛወዛሉ፤ ጎልማሶች ጸጥ ይላሉ፤ በእርጅና ውዝዋዜው ይመለሳል። ሳይንሳዊ ዋጋው ትልቅ ቢሆንም እዚህ አላሰፋውም።

የትምህርቱ ጉዳይ ግን ሊታለፍ አይገባም። ሼልደን በ1954 በለንደን የተደረገውን ዓለም አቀፍ የእርጅና ጥናት ማኅበር ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1961 በበርሚንግሃም ክልል ስለነበሩት የአረጋውያን ሆስፒታሎች ባቀረቡት ዘገባ፣ ቤቶቹን ሰው ከሚከማችባቸው መጋዘኖች ጋር አመሳስለዋቸዋል። በ1964 ዶክተር ጄምስ ዊልያምሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በስኮትላንድ በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያንን መርምረው፣ የቤተ ሰብ ሐኪሞቻቸው የማያውቁት ሕመም እንደሞላባቸው አሳዩ። ይህም የሼልደንን መንገድ የተከተለ ነው። በግላስጎው አቅራቢያ በራዘርግሌን ከተማ ከ1952 ጀምሮ አረጋውያን ሳይተኙ የሚመረመሩበትን ማዕከል ከዶክተር ኮዋን ጋር ያቋቋሙት ዶክተር ፈርጉሰን አንደርሰን፣ በ1965 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የአረጋውያን ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በዓለም በዚህ ትምህርት የተመደበ የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር ይህ ነው። ዶክተር ዋረን ሐሳቡን ካቀረቡ 22 ዓመት አልፎ ነበር። እሳቸውም በ1960 ከዚህ ዓለም በመለየታቸው ይህን ለማየት አልደረሱም፤ ሼልደን ግን ደርሰውበታል፤ ያን ጊዜ 72 ዓመት ገደማ ነበሩ፤ ማለትም እሳቸው ራሳቸው በየቤቱ እየሄዱ ከቆጠሯቸው ሰዎች እንደ አንዱ ሆነው ነበር።