ከዕዳ ወደ ስጦታ፤ የእንቁጣጣሽ ካርድና ወረቀት በጌዴኦ ምድር

የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የብራና መጽሐፍ ነው። ከዚያም አለ ፈለገ ሰላም ወደ መሠረቱት፣ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወደ ተመረቀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሸጋገራል። በዚህ ጎዳና ላይ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ታናሽ ሥራ አለ። እርሱም ሕፃናት በክረምት እቤታቸው ተቀምጠው ሠርተው መስከረም 1 ቀን ማለዳ በየደጃፉ የሚያድሉት የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ በዛሬው አጠራር የእንቁጣጣሽ ካርድ ነው። ሠሪው አይፈርምበትም፤ ተቀባዩም ግድግዳው ላይ ይለጥፈውና ጢስ እስኪያጠቁረው ድረስ ያየዋል እንጂ ከዚያ ወዲያ አያስታውሰውም። ይሁንና በአገሪቱ ከተሞች ከዚህ የበለጠ ብዙ እጅ የደከመበት ሥዕል መኖሩ ያጠራጥራል። ታሪኩም እንደ ዲላ ባለች፣ ወረቀት ዘግይቶ በገባባት ከተማ ሲታይ ከጨዋታነት ያለፈ ትርጉም አለው።

አሠራሩን ላስተዋለው ሰው በጥቂት ነገር ብዙ የሚከናወንበት ጥበብ ነው። ወረቀቱ የሚነቀለው ከደብተሩ መካከል፣ ሽቦው ከታጠፈበት ላይ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተነቀለ ቅጠል ጓደኛውን ይዞ ስለሚወድቅ ደብተሩ ይበተናል፣ ወላጅም ይቆጣል። ጥንዱ ቅጠል ለሁለት ይታጠፋል፤ እጥፋቱ በጥፍር ይዳመጣል። የደብተሩ ሰማያዊ መስመሮች እንዳይታዩ ሰማዩ ደመቅ ተደርጎ ይቀባል። በብዙ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ ሰማዩ ከምድሩ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ጠርዙ በመቀስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይከረከማል፤ ወይም በማስመሪያ ተለክቶ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይከበባል። ባለ ቀለም እርሳስ ያልገባበት ቤት ከሰልና እርድ አያጣም፤ ቀይ ሥርና የታሸ ቅጠልም ቀለም ይወጣቸዋል። ቡና በየዕለቱ በሚፈላበት አገር ደግሞ የጀበናው አተላ አለ፤ አማርኛ ራሱ «ቡናማ» የሚለውን ቀለም የሰየመው በዚሁ ፍሬ ነው። ከሌላ ወረቀት የተቆረጠ አበባ የሚለጠፍ ከሆነ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ጠበቅ እስኪል ይማሰላል፤ ሙጫው እርሱ ነው።

የሥዕሉም ይዘት ልማድ ያጸናው ነው። መልአክ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ የአደይ አበባ፤ ከሥሩም የመልካም ምኞቱ ጽሑፍ። መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ፣ ሰይፉን ይዞ፣ ሁለት ዓይኖቹን በተመልካቹ ላይ ተክሎ ይቆማል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ገጽታ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ የታወቀ ነው። ሕፃኑ ይህን ሕግ ያውቃል ማለት አይቻልም፤ በየትም አገር ያለ ሕፃን ሰውን የሚሥለው ፊት ለፊት ነው። ቢሆንም ከመቅደሱ ግድግዳና ከደብተራው ክታብ ያየው መልአክና እጁ የታዘዘለት መልአክ አንድ ሆነው መገጣጠማቸው ሥዕሉን ያልተጠበቀ ግርማ ይሰጠዋል። ጽሑፉ ደግሞ ስሌት ይጠይቃል። «እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ በሰላም አሸጋገረዎ» ለማለት ማቴዎስን፣ ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን በቅደም ተከተል ማወቅ፣ ዓመቱም የማን እንደሆነ መቁጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርዱ የሥዕል ብቻ ሳይሆን የፊደልና የባሕረ ሐሳብ መልመጃም ነበር። ወንዶቹ ሲሥሉ ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ የሚዞሩበት የሥራ ክፍፍል ያማረ ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን እርሳሱን ከልጃገረዶቹ እጅ አርቆ መኖሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማው 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላ ይህን ልማድ የተቀበለችው እንደ ሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ከትምህርት ቤት ጋር ነው። ወረቀት ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ የገባውም በሌላ መልኩ ነው።

ይህን ለመረዳት ከቅጠል መጀመር ይሻላል። «ወረቀት» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ቅጠል ማለት ነው። አማርኛም በበኩሉ የመጽሐፍን አንድ ሉህ «ቅጠል» ይለዋል። በጌዴኦ ምድር ቅጠል የወረቀትን ሥራ ወረቀት ሳይደርስ ሲሠራ ኖሯል። በእንሰት ቅጠል ቆጮ ይጠቀለላል፣ ምግብ ይቀርባል፤ ዝናም ድንገት ሲወርድም ከራስ በላይ ይያዛል። ቃጫው ይገመዳል፤ የደረቀውን ቅጠል ልጆች ጠቅልለውና አስረው ኳስ ያደርጉታል። ማጠፍ፣ መጠቅለል፣ መሰንጠቅ፣ መቋጠር፤ የወረቀት ሥራ የሚጠይቃቸው የእጅ ዕውቀቶች ሁሉ በእያንዳንዱ ቤት ጓሮ ነበሩ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ከትክል ድንጋዮቹ ጋር የተመሰከረለት፣ እንሰትን፣ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን በአንድ ተዳፋት ላይ አስማምቶ የማኖር ጥበብ እነዚህንም እጆች ያሠለጠነ ነው።

አገሩ በ1880ዎቹ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የመጣው ወረቀት ግን ሌላ ነበር። የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ልኬታ ሰነድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ገበሬው የተጻፈበትን አያነብም፤ ቋንቋውም የእርሱ አልነበረም። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ቡናው ስንት እንደሚመዘን፣ ዕዳው የት እንደደረሰ የሚናገረው ግን ያ ወረቀት ነበር። ፈርም ሲባል አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይጫንበታል። እንግዲህ ብዙ አባት በዘመኑ በወረቀት ላይ ያሳረፈው ብቸኛ ሥዕል የገዛ ጣቱ አሻራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ ደም ያፈሰሰው የጌዴኦ ገበሬዎች አመፅ መነሻው ይኸው የመሬትና የጭሰኝነት ጥያቄ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር እነዚያ ሰነዶች ኃይላቸውን አጡ። «ደራሳ» ይባል የነበረው አውራጃም በሕዝቡ ስም ጌዴኦ ተባለ።

ወረቀት በልጆች እጅ የበዛው ትምህርት ቤቶች እየተስፋፉ በሄዱበት፣ በ1960ዎቹም ወንጂ ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ ወረቀትን በአገር ውስጥ ማምረት በጀመረበት ዘመን ነው። ትልቁ ለውጥ የተከሠተው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደት ትምህርቱን በ15 ቋንቋዎች ሲያዳርስ ከእነርሱ አንዱ ጌዴኦኛ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ዙር ከተሞችን ያስቀደመ ስለነበር፣ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ዘመነ ሉቃስ ለዘመነ ዮሐንስ ቦታውን ሲለቅ፣ የ1972 ዓ.ም. መስከረም የጠባው እናቶችና አባቶች ደብተርና እርሳስ ይዘው ፊደል በሚቆጥሩበት ጊዜ ነበር። ልጁ በካርዱ ላይ የሚጽፈውንና እናቱ በመማሪያ ጣቢያ የምትጽፈውን ፊደል ያስተካከለ ክረምት ነው። አሻራ የነበረው ፊርማ ስም ሆነ፤ መጥሪያ ይዞ ይመጣ የነበረው ወረቀትም በሕፃን እጅ መልካም ምኞት ይዞ ደጃፍ አንኳኳ። እንቁጣጣሽ የሚለው ስም ራሱ በአፈ ታሪክ ለንግሥተ ሳባ ከተሰጠ ዕንቁ ጋር የሚያያዝ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የስሙን ሥራ ያዘ።

በማተሚያ ቤት የሚሠራው ካርድ የተወለደው ከዚህ በተቃራኒ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ሎንዶን ውስጥ ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ባለሥልጣን ለወዳጆቹ ሁሉ በየተራ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ በማጣቱ፣ ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን አሥሎ 1,000 ያህል ካርድ አሳተመ፤ የተረፈውንም እያንዳንዱን በአንድ ሺሊንግ ሸጠ። የታተመ ካርድ የጊዜ እጥረት ልጅ ነው። የእንቁጣጣሹ ካርድ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናም ከቤት አላስወጣ ሲል፣ ከጊዜ ብዛት የሚወለድ ነው። በእጅ የተሠራው የታተመውን ያሸነፈበት ጊዜም አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዲት የ7 ዓመት የቼኮስሎቫኪያ ልጅ ለዩኒሴፍ ምስጋናዋን ለመግለጽ ሥዕል ስትሥል ወረቀት ስላልተገኘ በመስተዋት ላይ ሣለችው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው የድርጅቱ የመጀመሪያ ካርድ ያ ሥዕል ነበር።

በኢትዮጵያም የታተመው ካርድ ከየመጻሕፍት መደብሩ ወጥቶ የሕፃናቱን ሥዕል ገፋ፤ እርሱንም በተራው የስልክ ምስል ገፋው። ዛሬ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ምስል በአንድ ጣት ለመቶ ሰው ይላካል። ይህን በቁጭት ብቻ ማየት አይገባም፤ ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ደግ መልእክተኛ ነው። ነገር ግን የሕፃኑ ካርድ መልእክት ብቻ አልነበረም። ልጁ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል፤ ያንኳኳል፤ በስሙ ይጠራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ስሙኒውን ተቀብሎ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ካርዱ ደጃፍና ጎረቤት ይፈልጋል።

የዚህን ክብደት የጌዴኦ ሕዝብ በቅርቡ አይቶታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ለረጅም ዘመን ገበያና ጋብቻ ያስተሳሰራቸው ሁለት ጎረቤታም ሕዝቦች ተጎዱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆኑ። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጠባው በዚህ መካከል ነው። ደብተሩ ከቤቱ ጋር የቀረበት፣ ጎረቤቱም የት እንደገባ የማያውቅ ልጅ የትኛውን ደጃፍ ያንኳኳል? የእጅ ሥራን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ለዲላ መምህራንና ሠዓሊያን የቀረበ ነው። በካርዱ ላይ የሚሣለው አደይ አበባ የደጋው ሜዳ ጌጥ ነው። ጌዴኦ ግን የራሱ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል አለው፤ ደራሮ ይባላል። በበጋው ወራት አባ ገዳው ባለበት ይከበራል፤ ስሙም የአበባን ትርጉም የያዘ ነው። ጌዴኦኛ ዛሬ በላቲን ፊደል የሚጻፍና ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ሆኗል። ዲላም በ1989 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ወዲህ መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት፤ ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቆች የደረቀ የኮባ ቅጠል እየተቆረጠ በካርቶን ላይ የተለጠፈባቸው ሥዕሎች ለአገር ጎብኚ ሲሸጡ ይታያሉ። ቅጠሉ በየጓሮው በሞላበት አገር ያለ ሕፃን በክፍል ውስጥ ይህንኑ እንዳይሠራ የሚያግደው ነገር የለም። ለደራሮ የሚሠራ ካርድ ከእንቁጣጣሹ ጋር አይጣላም፤ አንድ ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ደጃፍ ቢያንኳኳ የሚከፋው ጎረቤት የለም።

ለዚህ ካርድ የሚስማማው አበባ የቡና አበባ ነው፤ አሣሣሉም ከአደይ ይለያል። አደይን ለመሣል ቢጫ ቀለም ያስፈልጋል። የቡና አበባ ነጭ ነው፤ ወረቀቱም ነጭ ነው። ስለዚህ አምስቱ የአበባ ቅጠሎች በእርሳስ በስሱ ይነደፉና ውስጣቸው ሳይነካ ባዶ ይተዋል፤ ከዚያ ከጀበናው የተረፈው አተላ በጣት እየተወሰደ ዙሪያቸው ይጠቁራል።