ጊኒ ወርም፦ ከ«ደም ሥር» ወደ ትል

ከሕሙማን እግር የሚወጣው ነጭ ክር መሰል ነገር ምንነት ለብዙ ዘመናት ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሲና «የመዲና ደም ሥር» በሚል ስም ገልጾታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ትል መሆኑን አልተቀበለም። ሊኒየስ ግን እ.ኤ.አ. በ1758 ከትሎች መደበው።

የክርክሩ መፍትሔ በአካሉ አሠራር ውስጥ ነበር። እንስቷ እስከ 1 ሜትር ትረዝማለች፤ ውፍረቷ ግን 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስትጎለምስ አንጀቷ ይኮማተራል፤ የመውለጃ ቀዳዳዋም ይጠፋል። ሰውነቷን የሚሞላው እጭ የታጨቀበት ማሕፀን ነው። ስለዚህ ከቆዳ ወጥታ ውኃ ሲነካት አካሏ ፈንድቶ እጮቿን ትረጫለች። በኃይል ስትጎተት ተበጥሳ ብርቱ ቁስለት የምታስከትለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት እነዚህ እጮች ኩኩላነስ ከተባለ የዓሣ ጥገኛ ትል እጮች ጋር እንደሚመሳሰሉ አስተዋለ። የዓሣው ትል እጮች ሳይክሎፕስ በተባለች ደቃቅ የውኃ ፍጥረት ውስጥ ያድጋሉ። ሩሲያዊው አሌክሴይ ፌድቼንኮ ይህን ፍንጭ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1870 በመካከለኛው እስያ የጊኒ ወርም እጭ ሳይክሎፕስ ውስጥ ሲገባ ተመለከተ። ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒትም ሆነ ክትባት ባልተገኘበት ሁኔታ፣ የመጠጥ ውኃን በጨርቅ ማጥለል ዋና መከላከያ የሆነው በዚህ ግኝት መነሻነት ነው።

በሀገራችን የማጥፋቱ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም በሽታው በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ ቆላማ ስፍራዎች ይገኝ ነበር። በደቡብ ኦሞ ስርጭቱ ሲገታ በጋምቤላ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በሀገሪቱ አንድም ታማሚ አልተመዘገበም፤ በ2020 ግን 11 ሰዎች ታመሙ።

ከ2013 ወዲህ ትሉ በጋምቤላ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መታየቱ የምደባውን ጥያቄ እንደገና ቀሰቀሰ፦ ይህ ሌላ ዝርያ ይሆን? የዘረ መል ምርመራ የሰጠው መልስ የሰውም ሆነ የእንስሳቱ ትል አንድ ዝርያ መሆኑን ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሌይፐርም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተበከለ ሳይክሎፕስ ለጦጣ አብልቶ ትሉን በሰውነቷ ውስጥ አግኝቶ ነበር።

እንግዲህ በሳላማጎ ወረዳ ማዕከል በሃና የሚሠራ ባለሙያ የታማሚውን እግር ብቻ መርምሮ ሥራው አያበቃም። የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደተቀዳ፣ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ የቤቱ ውሻም ቁስል እንዳለበት መጠየቅ ይገባዋል።