ዩሊየስ ሂርሽና ክለቦቹ

የእግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ ብዙውን ጊዜ በግብ ብዛት ይለካል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ አንድ ሰው ለአገሩና ለክለቡ የሰጠው አገልግሎት በክፉ ቀን ምን ያህል እንደ ጠቀመው ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዩሊየስ ሂርሽ በ1892 በደቡብ ጀርመን፥ በአኸርን ከተማ፥ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1910 ከካርልስሩኸ፥ በ1914 ደግሞ ከፉርት ክለብ ጋር የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ለብሔራዊው ቡድን ከ1911 እስከ 1913 ድረስ 7 ጊዜ ተሰልፏል። በ1912 ከሆላንድ ጋር 5 ለ 5 በተለያዩበት ግጥሚያ 4 ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተካፍሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ዘምቶ የብረት መስቀል ኒሻን ተሸልሟል።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በኤፕሪል 1933፥ 14 የደቡብ ጀርመን ክለቦች አይሁድን ከስፖርት ማኅበራት ለማስወጣት ፈቃደኞች መሆናቸውን በፊርማቸው አስታወቁ። ሂርሽ ሻምፒዮን የሆነባቸው ሁለቱም ክለቦች ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ። እርሱም ይህን በጋዜጣ አንብቦ የካርልስሩኸን ክለብ በደብዳቤ ተሰናበተ።

የኑረንበርግ ሕጎች የታወጁት በ1935 መሆኑን ልብ ይሏል። ክለቦቹ ሕጉን በሁለት ዓመት ቀደሙት። ስለዚህ ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይመስለንም።

ሂርሽ በማርች 1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደ፤ ከዚያም አልተመለሰም። የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር በስሙ ሽልማት ያቋቋመው በ2005፥ ማለት ከ62 ዓመት በኋላ ነው።